ማታ ማታ የሚያማት ሆድ

ልጄ አንደኛ ክፍል የገባች ዓመት ማታ ማታ ሆዷን ያማት ነበር።

ከሥራ የምወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እዚህ ጅማ ውስጥ ከአጂፕ ባጃጅ ይዤ ጊንጆ ሰፈር ቤቴ ስደርስ ለዓይን ያዝ ያደርጋል። ወጥ ጥጄ፣ የታናሽ ወንድሟን እግር አጥቤ፣ ጠረጴዛውን ወልውዬ «በይ ደብተርሽን አምጪ» ስላት ያኔ ሆዷን ትይዛለች። መጀመሪያ ወስፋት ነው ብዬ፣ ቀጥሎ አሜባ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ አስመረመርኳት። ምንም አልተገኘባትም። ቅዳሜና እሑድ፣ ደብተር በማይወጣበት ማታ፣ ሆዷ ደህና እንደሚያድር ለማስተዋል ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ፈጀብኝ።

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን ብዙ የማውቃቸው እናቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የልጆቻቸውን ዩኒፎርም እያሰፉ ስለሆነ ነው። እኔ የሠራሁትን እንዳይሠሩት እፈልጋለሁ።

መምህርቷ የምትሰጣት የቤት ሥራ አንድ ገጽ ነበር። ሦስት ያደረግኩት እኔ ነኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከቁጥር ጋር ነው። ልጅሽ ከክፍሏ ልጆች ወደኋላ ቀርታለች ሲሉኝ የታየኝ መፍትሔ መጠኑን መጨመር ብቻ ነበር። ተጨማሪ ደብተር ገዛሁ። የፊደል ገበታ ገዝቼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። በወር እየከፈልኩ አስጠኚ አመጣሁ። አስጠኚውም ያው የእኔኑ ነበር የሚያደርገው፤ ያስገለብጣታል፣ ከኋላዬ በይ ይላታል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ይሄዳል። ለአንደኛ ክፍል ልጅ አስጠኚ መቅጠር ገንዘብ መጣል ነው ብዬ አሁን አምናለሁ፤ ያን ጊዜ እንዲህ የሚለኝ ሰው ባገኝ ግን አልሰማውም ነበር።

አንድ ማታ ከገበታው ላይ «ቢ»ን በጣቴ ነካሁና «ይቺ ማን ናት?» አልኳት። ልጄ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳታቋርጥ በዜማ ትወጣዋለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ አጨብጭቦላታል። «ቢ» ላይ ግን ዝም አለች። ልብ ብዬ ሳያት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ከጠረጴዛው ሥር ጣቶቿ አንድ በአንድ ይታጠፋሉ። በ፣ ቡ፣ ቢ። ሦስተኛው ጣት ላይ ስትደርስ «ቢ!» አለችኝ። «ሎ»ን ሳሳያት ሰባት ጣት አስፈለጋት። ጮህኩባት። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ተምረሽ!» አልኩና በማስመሪያው ጠረጴዛውን መታሁት። ታናሿ ደንግጦ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም፤ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች።

33ቱ ፊደላት በየሰባት ቤታቸው ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ልጄ ይህን ሁሉ እንደ አንድ ረጅም መዝሙር ይዛዋለች፤ ከመዝሙሩ ተነጥሎ ለብቻው የቆመ ፊደል ግን አታውቅም። ይህ የእሷ ብቻ ችግር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. አማርኛንና አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች የልጆች የንባብ ችሎታ ተመዝኖ ነበር። ያኔ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰው ማለት ነው። ሁሉም ሰነፎች ሊሆኑ አይችሉም።

በማግስቱ አባቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ በልጅነቱ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ ሰው ነው። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና «ሀሁን አስቆጥረሻታል፤ አቡጊዳስ?» አለኝ።

አቡጊዳ መኖሩን አውቅ ነበር፤ ለምን እንደኖረ ግን አስቤው አላውቅም። ድሮ ተማሪው ሀሁን በዜማ ከያዘ በኋላ የኔታ በሌላ ቅደም ተከተል ያስቆጥሩታል። «አ» ከግዕዙ፣ «ቡ» ከካዕቡ፣ «ጊ» ከሣልሱ፣ «ዳ» ከራብዑ፣ «ሄ» ከኃምሱ፣ «ው» ከሳድሱ፣ «ዞ» ከሳብዑ። እያንዳንዱ ፊደል ከተለያየ ቤት ስለሚመጣ የለመደው ዜማ ይሰበርበታል። ፊደሉን በመልኩ ያላወቀ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። «እኛም መጀመሪያ በዜማ ነው የያዝነው» አለኝ አባቴ፤ «የኔታ ግን በዜማው አይታለሉም ነበር።» ስልኩን ዘግቼ ገበታውን ባየው አቡጊዳው ከታች በኩል በትንንሹ ታትሟል። አራት ወር ሙሉ ከፊቴ ነበር።

አቡጊዳውን በቀጥታ አላስያዝኳትም፤ እሱም ሌላ መዝሙር እንዳይሆንባት ፈራሁ። የጫማ ካርቶን ቆርጬ በክብሪት ቀፎ መጠን ብዙ ቁራጭ አወጣሁና የአራት ፊደል ቤተሰብ ብቻ ጻፍኩባቸው፦ በ፣ ለ፣ ሰ፣ ከ። ወለሉ ላይ ቀላቅዬ በትኜ «የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጊ» አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም። ለረጅም ጊዜ አያያዙ ግራ ገብቷት አገላበጠች። ከዚያ «ቡ»፣ «ሉ»፣ «ሱ» እና «ኩ»ን ደረደረችና «እማዬ፣ እነዚህ ሁሉ ወገባቸው ላይ እጅ አላቸው» አለችኝ። «ቢ» እና «ሊ» እግራቸው ሥር ጫማ አላቸው። «ቤ» እና «ሌ» ቀለበት አድርገዋል። «ባ» እና «ላ» አንድ እግራቸው አጥሯል። ሳድሱ ላይ ስትደርስ ተቸገረች፤ «ብ» ከ«ል»፣ «ል» ከ«ስ» ምንም አይመሳሰሉም። «እነዚህ እንቢ አሉ» ብላ ለብቻቸው አስቀመጠቻቸው። ልክ ናት። ሳድስ የጋራ ምልክት የለውም፤ እያንዳንዱን በመልኩ መልመድ ነው። ስንት ልጅ «ብ»ና «ር» ላይ የሚሰናከለው ለዚህ መሆኑን ያን ማታ ከልጄ ተማርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት የ«ተ» እና የ«ቸ» ቁራጮችን ስጨምር ከዚህ ቀደም አጥንታው የማታውቀውን «ቹ» አንስታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ቹ!» አለች። ጣት አልቆጠረችም።

ሆዷን የፈወሷት ግን አኮ ናቸው።

አኮ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። በአፋን ኦሮሞ «አኮ» አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ በዚሁ ነው የሚጠራቸው። ጠረጴዛውን በመታሁ በሦስተኛው ቀን በራቸው ላይ ቆመው «ኮቱ፣ ቡና ዱጊ» (ነይ፣ ቡና ጠጪ) አሉኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። አቦሉን ቀድተው ሰጡኝና «ልጄ፣ ግድግዳው ስስ ነው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። የምገባበት ጠፋኝ። ቶናው ላይ «አመሻሽ አመሻሽ ትምጣልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ቡና ትልቀምልኝ» አሉ።

እንግዲህ ጅማ ነው፤ ቡና በየቤቱ አለ። ጥሬውን ሰፌድ ላይ አፍስሶ ጠጠሩን፣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ማውጣት የልጅ ዓይንና የልጅ ጣት የሚፈልግ ሥራ ነው። ልጄ በአኮ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች። መጀመሪያው ቀን ወደ ቤት ስትመለስ «ሠላሳ ሰባት ጥቁር አወጣሁላቸው» አለችኝ።

«እንዴት ቆጠርሻቸው?» አልኳት።

«አሥር አሥር እያደረግኩ ነዋ። አኮ ናቸው ያሉኝ። ሦስት ክምር ሆነ፣ ሰባት ደግሞ ተረፈ።»

ይህች ልጅ ሳምንታት ሙሉ ደብተሯ ላይ ሠላሳ ሰባትን 73 ብላ ስትጽፍ የነበረች ናት። ስንት ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤባታለሁ። በማግስቱ አብሬያት ሄድኩና የለቀመችውን እዚያው ሰፌዱ ጠርዝ ላይ ስትከምር አየሁ። «እስቲ በቁጥር ጻፊልኝ» ብዬ ወረቀት ሰጠኋት። ክምሮቹን አየች። አራት ነበሩ፤ 4 ጻፈች። የተረፉትን አየች፤ ሁለት ነበሩ፤ 2 ጻፈች። እስክሪብቶውን አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ምንም የተለየ ነገር እንደሠራች አላወቀችም። እኔ ግን የዓመቱን ሒሳብ የዘጋሁ ያህል ነው የተሰማኝ። አማርኛችን ራሱ እኮ «አሥራ ሦስት» ሲል አሥሩን ፊት አድርጎ ይናገራል። ልጄ ቃሉን በጆሮዋ ሰምታው ታውቃለች፤ በዓይኗ ያየችው ግን ሰፌዱ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ አኮ ቤት የሚሆነውን ማስተዋል ጀመርኩ። ረከቦቱ ሲወጣ «ስንት ሲኒ?» ብላ ትጠይቃለች። አኮ አይነግሯትም፤ «ሰው ቁጠሪ» ነው የሚሏት። አንድ ቀን እኔው ጣልቃ ገብቼ «አራት ሰው ነን፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ አኮ ስንት ጊዜ ሊቀዱ ነው?» አልኳት። አራት ፍሬ ቡና ደረደረች፣ ከሥሩ አራት፣ ከሥሩ ደግሞ አራት። «አሥራ ሁለት።» አኮ ከጀበናው ቀና ሳይሉ «ሁለቱ በረካውን ሳይጠብቁ ቢሄዱስ?» አሏት። ከታችኛው መደዳ ሁለት ፍሬ አነሳች። ማባዛት የሚባለውን ቃል ገና አልሰማችም ነበር።

ስለ በርጩማው አንድ ነገር ልጨምር። የአኮ ወለል አፈር ነው፣ ወጣ ገባ ይላል። የእኛ የፕላስቲክ ወንበር እዚያ ቤት ሲሄድ ይንገጫገጫል፤ በርጩማው ንቅንቅ አይልም። ልጄ «ይሄኛው ለምን አይወዛወዝም?» ብላ ጠየቀች። መልሱን ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ቤት ሄደን ድንችና ስንጥር አመጣን። አንዱ ድንች ላይ ሦስት፣ አንዱ ላይ አራት ስንጥር ሰክታ ግቢው ውስጥ፣ ጠጠር ላይ፣ በእጥፋት የተሞላ ብርድ ልብስ ላይ ሁሉ አቆመቻቸው። ባለ ሦስቱ የትም ይቆማል፤ ባለ አራቱ አንድ እግሩ አየር ላይ ይቀራል። «አራተኛው አይደርስም» አለች። ሦስት እግር ምንጊዜም መሬት ያገኛል፤ አራተኛው የሚነካው ወለሉ ልክ ከሆነለት ነው። እኔ ብነግራት ኖሮ ከዚህ የተሻለ አልናገረውም ነበር።

ስለ ቋንቋ ብዙ ወላጅ ይጨነቃል። ልጄ የምትማረው በአማርኛ ነው፤ አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛም ይሰጧታል። ሁለቱ ፊደል ይምታታባታል ብዬ ቁቤውን (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል) ቤት ውስጥ አላነሳውም ነበር። ሐሙስ ገበያ ስንሄድ ግን ሐሳቤን አስቀየረችኝ። የጅማ ታፔላ እንደምታውቁት በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይጻፋል። ባጃጅ ውስጥ እቅፌ ላይ ሆና እያነበበች ትሄዳለች። አንዱ ጋ «መነ ኛታ» የሚል አነበበች፤ ከሥሩ «ምግብ ቤት»። ትንሽ እንደሄድን «መነ ቆሪቻ»፣ «መድኃኒት ቤት»። ገበያው አጠገብ ስንደርስ ክንዴን ይዛ ነቀነቀችኝ፦ «እማዬ! መነ ማለት ቤት ነው! ግን እነሱ ቤቱን ፊት ያደርጉታል፣ እኛ ኋላ!» ባለ ባጃጁ ዞር ብሎ «እውነቷን ነው» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ «መነ» አዳኝ ሆነች። የትምህርት ቤቷ በር ላይ «መነ በሩምሳ» የሚለው ዓመቱን ሙሉ ተጽፎ ኖሯል፤ ያነበበችው ግን ያን ሳምንት ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማየቷ ሌላም ነገር አሳያት። በቁቤ ድምፁ ሲጠብቅ ፊደሉ ይደገማል፤ ማንም ያየዋል። በአማርኛ ግን የሚጠብቀውና የሚላላው አይጻፍም፤ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ነው የሚያገኘው። «አባዬ ገና አልመጣም» ብዬ የጻፍኩላትን «ገና»ን እንደ በዓሉ አጥብቃ አነበበችና ቆም አለች፤ ትርጉም አልሰጣትም። አላልታ ደገመችው። ልጅ እንዲህ ቆም ብሎ ራሱን ሲያርም ማንበብ ጀምሯል ማለት ነው። እባካችሁ ያን ጊዜ ቀድማችሁ አትንገሩት። እስኪመለስበት መጠበቅ ከባድ ነው፤ ለእኔ እስከ ዛሬ ከባድ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የአስቤዛውን ዝርዝር የምትጽፈው እሷ ናት፤ «ሽኩርት» ብትጽፍ አላርማትም፣ ሱቅ ስንደርስ ራሷ ስታነበው «ን» ቀረች ትላለች። መልሱን ቆጥራ የምትቀበለውም እሷ ናት። መብራት ሲጠፋ እንቆቅልሽ እንጫወታለን። የለመድነውን ስንጨርስ የራሷን ፈጠረች፦ «አንድ እጅ አላት፣ አፍ አላት፣ እሳት ላይ ትቀመጣለች፣ አታለቅስም።» ጀበና መሆኑን አውቄ አገር ሰጠኋት፤ አጋሮን ወሰደች። ሰዓት ግን አሁንም ያከራክረናል፤ ስልኬ 7 ሲል እኔ አንድ ሰዓት እላለሁ፣ ስድስት መቀነሱን ለምዳዋለች፣ ከቀኑ 1 ሲል ግን ከምን ላይ እንደሚቀነስ ገና አላገኘችውም። ስልክ ላይ የሚጫኑትን የልጆች ጨዋታ ሞክረን ትተነዋል፤ ጣቷ ፈጠነ እንጂ ሌላ አላየሁበትም።

በግንቦት ዝናቡ ሲጠነክር የዝናብ ደብተር ጀመርን። የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱ ጋ ቆርጠን የላይኛውን ቁራጭ ገልብጠን እንደ ማጥለያ ከተትንበት። የጠርሙሱ ቂጥ ጎድጎድ ስለሚል ጠጠር ጨምረን ውኃ እስከ ቀጥ ያለው ድረስ ሞላንና እዚያ ላይ በማርከር 0 ጻፈች። ማስመሪያውን (ያንኑ ማስመሪያ) ከጎኑ አሰርን። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣቷ በፊት ዝቅ ብላ ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ከ0 በላይ ያለውን ትደፋለች። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ መውረዱ ነው ስላት ግቢያችንን በእርምጃዋ ለካችው። አባቷ «ከደጅ ምን ያህል ወረደ?» ብሎ የሚጠይቀው አሁን እሷን ነው።

አንድ ጠዋት ጠርሙሱ ላይ ምንም አልነበረም። ደብተሯን ይዛ መጣችና «ካልዘነበ ምን ይጻፋል? ልተወው?» አለችኝ። ይሄ ሙያዬ ነው። ባዶ ከተውሽው አለመዝነቡን ይሁን ማየት መርሳትሽን በኋላ አይታወቅም፤ 0 ጻፊ አልኳት። ጻፈች። ከዚያ ደብተሩን ወደኋላ ገለጠች። ለለቅሶ አጋሮ ሄደን የከረምንባቸው ሦስት ቀናት ባዶ ነበሩ። ትክ ብላ አየቻቸው። «እዚህማ 0 አይደለም» አለች። እርሳሷን አንስታ ሦስቱን መስመር አንድ ላይ በቅንፍ ያዘችና ከጎናቸው «አጋሮ ነበረን» ብላ ጻፈች። ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው። ቆም አለች። ላጲሱን ፈልጋ «ረ»ን አጠፋችና፣ ምላሷን ወጣ አድርጋ፣ ቀስ ብላ «ር» አደረገችው።